የእርሻ ሥራ በ20 ግራም ካርቦሃይድሬት አይገፋም

መጀመሪያ ደብዳቤውን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የጻፈችልን የ46 ዓመት ሴት ናት። ከባሏ፣ ከአማቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር በትንሽ የቤተሰብ እርሻ ላይ ትኖራለች። ድንችና አትክልት ያመርታሉ፣ ሁለት ላሞች አሏቸው፣ ዶሮ ያረባሉ፣ ጥቂት የንብ ቀፎም አለ። ከወራት በፊት ስትመረመር የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ 7.9 በመቶ ሆኖ ተገኘና ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ የሚባሉ የስኳር ሕመም ክኒኖች ታዘዙላት። ከዚያ ቪዲዮ አየችና ለማንም ሳትናገር በቀን 20 ግራም ካርቦሃይድሬት (ዳቦና ድንች ውስጥ ያለው ስታርች፣ ስኳርም ጭምር) ብቻ መብላት ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ኪሎ ቀነሰች። አሁን ግን ከሰዓት በኋላ ማሳ ላይ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ዓይኗ ይጨልማል። ሌሊት ባቷን ይሸመቅቃታል፣ ራሷንም ያማታል። አማቷ "ምግቤን ተጸየፈችው" ብለው አኩርፈዋል። ባሏ "የሚሸጠውን እንቁላል ጨረሽው" ይላል። እሷ ደግሞ ሁለት ድስት መጣድ ሰልችቷታል። "ልተወው ወይስ ልቻለው?" ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ አትተዪው። እንደዚህ ሆነሽም አትቻዪው።

ከሁሉ በፊት ስለ መንቀጥቀጡ። ቪዲዮው ላይ "ሰውነት እስኪለምድ ነው፣ ያልፋል" ተብሎ ይሆናል። ያንቺ ግን እሱ አይመስለኝም። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትሽ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን በብዛት እንዲያመነጭ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው፤ በላሽም አልበላሽም ሥራውን ይሠራል። የታዘዘልሽ ዳቦና ድንች ስትበዪ ነበር። አሁን ዳቦውም ድንቹም ቀረ፣ ክኒኑ ግን በነበረበት መጠን ቀጠለ፣ በዚያ ላይ ፀሐይ ላይ ስትቆፍሪ ትውያለሽ። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ዓይን መጨለም፣ ልብ መምታት፣ ሰውን በሆነ ባልሆነው መቆጣት፣ እነዚህ ሁሉ ስኳር ከሚገባው በታች ሲወርድ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ደውዪና "ምግቤን ቀይሬያለሁ፣ የመድኃኒቱ መጠን መቀነስ ይኖርበታል ወይ?" በይ። ክኒኑን በራስሽ አታቋርጪ፣ ግን ቀጠሮ እስኪደርስ ብለሽም አትጠብቂ።

እስከዚያ የስኳር መለኪያዋን ይዘሽ ማሳ ውረጂ። በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ካሳየሽ ወይም መለኪያ ሳይኖርሽ ምልክቱ ከመጣ፣ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ውሰጂ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ፣ ካልተስተካከለ ድገሚ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። ቀፎው ደጃፍሽ ነው፤ በትንሽ ጠርሙስ ቋጥረሽ ኪስሽ ውስጥ ክተቺ። "ማር እኮ ተከልክያለሁ" እንዳትዪኝ፣ ያኔ ማሩ ምግብ ሳይሆን መድኃኒት ነው። ከተሻለሽ በኋላም ጥላ ፈልገሽ ተቀምጠሽ ምግብ ብዪ፣ ምክንያቱም ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ለባልሽና ለትልቁ ልጅሽም ንገሪያቸው። ራስሽን ከሳትሽ አፍሽ ውስጥ ምንም እንዳይጨምሩና ወዲያው ወደ ሕክምና እንዲወስዱሽ ይወቁ። ብቻሽን ራቅ ካለው ማሳ አትሂዪ፣ ቢያንስ ይህ ነገር እስኪስተካከል።

ይህንን ለሌሎቻችሁም ነው የምለው። ኢንሱሊን የምትወጉ ሰዎች ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ ካርቦሃይድሬት በድንገት አትቀንሱ። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የምትወስዱ ደግሞ ሌላ አደጋ አለባችሁ፦ ስኳራችሁ ብዙም ከፍ ሳይል ደማችሁ በኪቶን አሲድ (ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር ነገር) ሊመረዝ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም ሰው ግፊቱ ወርዶ ሊያዞረው ስለሚችል ቶሎ ቶሎ ያስለካ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በዚህ ጥብቅ ዓይነቱ ባትገባበት ይሻላል።

አሁን ወደ ባትሽ። የሌሊቱ የባት መሸምቀቅና የራስ ምታቱ ምናልባት የውኃና የጨው ጉዳይ ነው። ጉበትና ጡንቻ ስኳርን ግላይኮጅን አድርገው ያስቀምጡታል፤ አንዱ ግራም ከሦስት ግራም ያህል ውኃ ጋር ነው የሚቀመጠው። ካርቦሃይድሬቱ ሲቋረጥ ያ ክምችት ያልቃል፣ ውኃውም አብሮ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሳምንት አራት ኪሎሽ በአብዛኛው እሱ ነበር (አውቃለሁ፣ ደስ የማይል ወሬ ነው)። በዚያ ላይ ኢንሱሊን ሲቀንስ ኩላሊት ጨው በብዛት ያስወጣል፤ ቢሮ ለተቀመጠ ሰው ያን ያህል ላይከብድ ይችላል፣ አንቺ ግን ቀሪውን በላብ ትጨርሺዋለሽ። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ከሌለብሽ፣ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ጨው ያለው አንድ ኩባያ መረቅ ጠጪ፣ ውኃም ይዘሽ ውጪ። ችግሩ ካለብሽ ግን ጨው ከመጨመርሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ።

እንግዲህ ስለ 20 ግራሙ እንነጋገር፤ ዋናው ክርክሬ እዚህ ላይ ነው።

20 ግራም ከየት መጣ? በጣም ጥብቅ ከሆነው የኬቶ አመጋገብ ነው፤ እሱ በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም ይፈቅዳል። "ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት" የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች ያለው ሁሉ ነው። በሁለቱ መሃል ሰፊ ቦታ አለ፤ ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ግን መሃሉን አይወዱትም፣ ተመልካች አያመጣማ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በ2019 ባወጣው ሰነድ የደም ስኳርን ለማሻሻል ከአመጋገብ መንገዶች ሁሉ ብዙ ማስረጃ ያለው ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ነው ብሏል። ስለዚህ የተነሳሽበት ሐሳብ ትክክል ነው። ክብደት ላይ ግን ተአምር አትጠብቂ። በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እነ ተመራማሪው ክሪስቶፈር ጋርድነር 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ስብ ግማሹን ካርቦሃይድሬት አስቀንሰው ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ውጤቱ በ2018 ሲወጣ በሁለቱ መሃል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም፤ አንዱ በአማካይ 5.3፣ ሌላው 6 ኪሎ ነው የቀነሰው። በየቡድኑ ውስጥ ግን ብዙ የቀነሰም፣ ጭራሽ የጨመረም ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ለዓመት ልትዘልቂበት የምትችዪው አመጋገብ ለሦስት ሳምንት ከሚያንቀጠቅጥሽ እንደሚበልጥ ነው።

አንቺ ላም ታልቢያለሽ፣ ትቆፍሪያለሽ፣ ጆንያ ትሸከሚያለሽ። ጡንቻ ሥራ ላይ ሲሆን ያለ ብዙ ኢንሱሊን እርዳታ ስኳርን ከደም እየሳበ ያቃጥላል። ይህ ማለት ሌላ ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ የማይችለውን አንድ ድንች አንቺ ልትችዪው ትችያለሽ፣ ብቻ ጊዜውን ዕወቂበት። ካርቦሃይድሬትሽን ከባዱ ሥራ አጠገብ አድርጊው፤ ጠዋትና ምሳ ላይ። ማታ ሥራ ካበቃ በኋላ ቀንሺው። በቀን ከ90 እስከ 110 ግራም አካባቢ እንድትጀምሪ ለሐኪምሽ ሐሳብ አቅርቢና የሚለውን ስሚ። መለኪያሽ እጅሽ ላይ ነው፤ ከበላሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክተሽ የትኛው ምግብ እንዴት እንደሚያደርግሽ ራስሽ ታዪዋለሽ።

ደግሞ አንድ ነገር አስቆኛል፣ አትቀየሚኝ። "ዳቦ ስለተውኩ ሲርበኝ ወተት ነው የምጠጣው፣ በቀን አንድ ሊትር አያልፍም" ብለሻል። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 12 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ የወተት ስኳር። አንድ ሊትሩ 48 ግራም ገደማ ይሆናል። 20 ግራም ላይ ነኝ ብለሽ የምታስቢው አንቺ በወተት ብቻ እጥፉን አልፈሻል! እንዲያውም ይህ ለኔ ጥሩ ዜና ነው። እስካሁን የያዘሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ወተቱን ወደ አንድ ብርጭቆ አውርጂውና የተረፈውን ግራም በሚታኘክ ምግብ ተኪው። ቀሪውን ወተት ቅቤና አይብ አድርጊው፤ ስኳሩ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ስለሚወጣ አይቡ ላይ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቅቤ ደግሞ ካርቦሃይድሬት የለውም ማለት ይቻላል፤ ግን አንዱ የሾርባ ማንኪያ 100 ካሎሪ ነው፣ ክብደት መቀነስ ከፈለግሽ እንደ መረቅ አታፍስሺው።

የቀረውን ከጓሮሽ እንቁጠረው። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ዝኩኒ፣ ቲማቲም፣ እነዚህን ሳትቆጥሪ ብዪ፣ በሰሃን ሙሉ እንኳ ከ10 ግራም ብዙ አይርቁም። ካሮት "ጣፋጭ ነው" ተብሎ በከንቱ ይወቀሳል፣ አንዱ መካከለኛ 6 ግራም ያህል ነው። ድንች ላይ ግን ቀልድ የለም፤ አንዱ መካከለኛ 30 ግራም ይደርሳል፣ እናንተ ደግሞ ድንች አምራቾች ስለሆናችሁ ለገበያ ያልሆነው የተቆረጠውና ትንንሹ ሁሉ ድስት ውስጥ ነው የሚገባው፣ አይደል? ቤተሰቡ ሳያስበው በቀን ሦስቴ ድንች የሚበላው ለዚህ ነው። ብዙ ትንንሽ እርሻ ላይ ያለው ነገር ይኸው ነው፣ እንቁላሉና አይቡ ይሸጣል፣ የማይሸጠው ድንችና የተገዛው ዱቄት ቤት ይቀራል። ምስርና ባቄላ መሃል ላይ ናቸው። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 20 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፣ ግን 8 ግራም ያህሉ ሆድ የማይፈጨው አሰር ነው፣ 9 ግራም ፕሮቲንም ይሰጥሻል። ቪዲዮው ከልክሎሽ ከሆነ እኔ መልሼልሻለሁ።

ለምሳሌ አንድ ቀን ይህን ይመስላል። ጠዋት ላሞቹን ካለብሽ በኋላ ሁለት ሦስት እንቁላል በቆስጣና በሽንኩርት ከአንድ ቁራጭ ዳቦ ጋር። ረፋድ ላይ ብርጭቆ ወተትሽ። ምሳ ምስር፣ አንድ ድንችና ብዙ ጎመን። ማታ አትክልትና ሥጋ ወይም አይብ፣ ያለ ድንች ያለ ዳቦ። ደምሪው፣ 90 ግራም አካባቢ ነው። ቁርስ እንዳትዘልዪ አደራ። "ከብቶቹን ልጨርስና" እያልሽ እስከ ረፋድ የምትቆዪው ነገር ከዚያ ክኒን ጋር አይሄድም። የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ኪስ ይገባል፣ በቆሸሸ እጅም አስተካክለሽ ከላጥሽው ይበላል።

ሁለት ድስቱን ነገ ጀምሮ ተዪው። ልዩነቱ ሰሃኑ ላይ ይሁን። ድንቹን ለብቻው ቀቅዪ፣ ምስሩን፣ ጎመኑንና ሥጋውን እንደ ወትሮው ሥሪ፣ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይብላ። ባልሽና ልጆችሽ ድንቹን ይከምሩ፣ አንቺ አንድ ወስደሽ ጎመኑን ከምሪ። ያኔ ማንም የተለየ ምግብ እየበላሽ ነው አይልም፣ አንቺም እንደ በሽተኛ ብቻሽን አትቀመጪም። ልጆቹን ግን ወደዚህ አታስገቢ። የሚያድግና እርሻ የሚያግዝ ልጅ ድንቹም ዳቦውም ያስፈልገዋል፤ ጣፋጩን መቀነስ ይበቃል።

አማትሽን በተመለከተ፣ እኔ እንደማየው እናታችን የተቀየሙት ስለ ካርቦሃይድሬት አይደለም። ያጎረሱሽን ምግብ ድንገት ገፋሽው፣ ምክንያቱን አልነገርሻቸውም፣ እንዲያውም መታመምሽን እስካሁን እንደማያውቁ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ነው በአንድ መስመር ያለፍሽው። ንገሪያቸው። "እማማ፣ ስኳር አለብሽ ተባልኩ፣ ፈርቻለሁ፣ ያንን ጎመን እርስዎ እንደሚሠሩት አድርገው ይሥሩልኝ" በያቸው። ሥራ ስጫቸው፣ ሰሃንሽን እንዲጠብቁልሽ አድርጊ። ባለሙያ ሴት ናቸው ብለሻል፤ አንዴ ከገባቸው ድንች ስታነሺ እጅሽን የሚመቱት እሳቸው ናቸው፣ ያኔ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ።

የባልሽ የእንቁላል ቅሬታ ግን እውነት አለው፣ ላሽሟጥጠው አልችልም። በአንድ ጊዜ በቀን ስድስት እንቁላል ከገቢ ስትቀንሺበት ደንግጧል። ተቀምጣችሁ አስሉት። ከእንቁላሉ ገንዘብ ስንት ወደ ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ተመልሶ ይወጣል? ያንን ሳታስሉ "በላሽው" እና "አልበላሁም" መባባል ዋጋ የለውም። ከዚያ የቤት ድርሻ ቁረጡ፤ በቀን ይህን ያህል የቤት ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የገበያ ነው፣ በቃ። በጣም ትንሹና ቅርጹ የተበላሸው መጀመሪያ ወደ ድስት ይግባ፣ ገበያ ላይም ብዙ አይፈለግም። ሲለቀም የተሰነጠቀውን በዚያው ቀን በደንብ አብስላችሁ ብሉት፣ ፈሳሹ የወጣውን ጣሉት። በቀን ሁለቴ ከለቀማችሁ የሚሰበረው ራሱ ይቀንሳል።

ደግሞ ኑሮሽን ሁሉ እንቁላል ላይ አትመሥርቺ። ዶሮ አንዱን እንቁላል ለመሥራት ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጅባታል፣ በቀን ከ14 ሰዓት ያላነሰ ብርሃን ካላገኘችም መጣሏን ትቀንሳለች፣ ላባ ስትቀይር ደግሞ ለሁለት ለሦስት ወር ልታቆም ትችላለች። ላሚቱም ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል ትነጥፋለች። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡብሽ አመጋገብሽ ባንድ ሳምንት ይፈርሳል፣ አንቺም ወደ ድንች ክምር ትመለሻለሽ። ስለዚህ ወተቱ በሞላበት ጊዜ የሚቆይ አይብ አስቀምጪ፣ ምስርና ባቄላ በጆንያ ይኑርሽ፣ ጎመኑን በአንዴ ሳይሆን በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እያፈራረቅሽ ዝሪ። የድንቹ ማሳ ዳር ላይ አንድ መደብ ለዚህ ብትለቂ ማንም አይጎዳም።

የአጨዳ ሰሞን ሲመጣ ብዙ ብዪ። ከንጋት እስከ ማታ በምትሠሪበት ሳምንት ግራም መቁጠር አልመክርሽም፤ እየለካሽ አንድ ድንች ወይም ቁራጭ ዳቦ ጨምሪ፣ ሲያልፍ ተመለሺ። ክብደትሽን በየቀኑ አትመዘኚ፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ከሦስት ወር በኋላ አማካይ ስኳርሽን፣ የደም ስብሽንና የኩላሊትሽን ምርመራ አሠሪ፤ አንዳንድ ሰው ቅቤና ሥጋ ሲያበዛ መጥፎው ኮሌስትሮል ወደ ላይ ይወጣበታል፣ አንቺ ላይ መውጣት አለመውጣቱን ደግሞ ምርመራው ብቻ ነው የሚነግርሽ።

"ሰው ቤት ስጋበዝስ ምን ልበል?" ላልሽው፣ ምንም አትበዪ። አትክልቱንና ሥጋውን መጀመሪያ ብዪ፣ ዳቦውን ግማሽ ቁረሺ፣ ለስላሳ መጠጡን በውኃ ቀይሪ፣ ስትመለሺ መንገዱን በእግርሽ አድርጊው። አስተናጋጇ ድገሚ ካለችሽ ጎመኑን ድገሚ።